አክሲዮኔ በአንድ ሌሊት አራት እጥፍ ሆነ፣ ዋጋው ደግሞ ሩብ፦ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚከፋፍሉት ለምንድን ነው?

ጀማሪ ባለአክሲዮን

ሰላም ለሁላችሁም። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላማክራችሁ።

የአንድ ኩባንያ 20 አክሲዮኖች ነበሩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እያንዳንዱን በ300 ዶላር ገዝቼ ሳልነካቸው ቆይቻለሁ። ዓርብ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 404 ዶላር ደርሶ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት። ሰኞ ጠዋት ሂሳቤን ስከፍት 101 ዶላር ይላል። ከጎኑ በቀይ ቀለም «75 በመቶ ቀንሷል» ተብሎ ተጽፏል። የአክሲዮኖቼ ቁጥር ግን ያው 20 ነው። 8,080 ዶላር የነበረው ገንዘቤ 2,020 ሆኖ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። የቀረውን እንኳ ላድን ብዬ 8ቱን ወዲያውኑ በ101 ዶላር ሸጥኩ።

ኩባንያው አንዱን አክሲዮን ለአራት መክፈሉን ያነበብኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ማስታወቂያው ከአንድ ወር በፊት በኢሜይል ደርሶኝ ነበር፤ ርዕሱን ብቻ አይቼ አለፍኩት። አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። 404 ዶላር የሚያወጡ 8 አክሲዮኖችን በ101 ሸጬ ገንዘቤን በገዛ እጄ ጣልኩት ማለት ነው? ደግሞስ የማንም ሀብት የማይጨምር ከሆነ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጡት ለምንድን ነው?

ነባር ባለአክሲዮን

እህቴ፣ በመጀመሪያ ተረጋጊ። ምንም አልጣልሽም።

ክፍፍል የሚፈጸመው በተቆረጡ ቀናት ነው። ቦርዱ ውሳኔውን ያስታውቃል፤ ተጨማሪዎቹን አክሲዮኖች የሚያገኙት ባለአክሲዮኖች ከመዝገብ የሚለዩበት ቀን ይወሰናል፤ አክሲዮኖቹ የሚሰጡበት ቀን ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ገበያው በአዲሱ ዋጋ ይከፈታል። ገበያው ከመክፈቻው ደቂቃ ጀምሮ በአዲሱ ዋጋ ይሠራል። ሂሳብሽን የያዘው አገናኝ ድርጅት ግን በእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ ላይ ተጨማሪዎቹን አክሲዮኖች እስኪያሰፍር ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። አንቺ ያየሽው አዲሱ ዋጋ በአሮጌው ቁጥር ተባዝቶ ነው።

ሰኞ የሸጥሻቸው 8 አክሲዮኖች ከአዲሶቹ ውስጥ ናቸው። 20ዎቹ 80 ሆነዋል፤ ከ80ው 8 ሸጠሽ 72 ቀርተውሻል። 72 በ101 ሲባዛ 7,272 ዶላር ነው። ከሽያጩ ያገኘሽውን 808 ስትጨምሪበት 8,080 ይመጣል፤ ይኸውም ዓርብ ማታ የነበረሽ ገንዘብ ነው። የወጣብሽ ነገር ቢኖር የሽያጭ ክፍያው ብቻ ነው። መዝገብሽ እስኪስተካከል ድረስ እባክሽ ሌላ ምንም ትእዛዝ አትስጪ።

የሂሳብ ሠራተኛ

ጋሼ በደንብ አስረድተዋል። እኔ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከቃሉ ስለሆነ።

«ክፍፍል» ስንል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው የትርፍ ክፍፍል ነው። በትርፍ ክፍፍል ከኩባንያው ካዝና ገንዘብ ይወጣል፣ በባለአክሲዮኑ እጅ ይገባል። አክሲዮን ሲከፋፈል ግን ከካዝናው አንዲት ሳንቲም አትወጣም፣ አትገባምም። በአክሲዮኑ ሰነድ ላይ የተጻፈ ዋጋ ካለ እሱም በዚያው ልክ ይከፈላል፤ አራት ዶላር የተጻፈበት አንድ አክሲዮን አንድ አንድ ዶላር የተጻፈባቸው አራት አክሲዮኖች ይሆናል። የኩባንያው ካፒታል አይነካም፣ ዕዳው አይነካም፣ ድምፅ የመስጠት ድርሻችሁም ያው ነው። ከሺህ አንድ እጅ የነበረው ሰው አሁንም ከሺህ አንድ እጅ አለው።

ይህን በአክሲዮን መልክ ከሚታደል የትርፍ ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። እሱ ከውጭ ሲታይ መንታ ወንድሙን ይመስላል፤ በሂሳብ መዝገብ ላይ ግን ካልተከፋፈለው ትርፍ ተቀንሶ ወደ ካፒታል የሚዛወር ገንዘብ አለ። አዲስ አክሲዮን አውጥቶ መሸጥ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሸጦ እናንተ ካልገዛችሁ የእናንተ እጅ ከጠቅላላው እየሳሳ ይሄዳል። በክፍፍል ጊዜ ማንም ስለማይቀደም የማንም ድርሻ አይሳሳም። ስብሰባ ላይ «የአክሲዮን ቁጥር ይጨምራል» የሚል ቃል ስትሰሙ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ እጃችሁን አታንሡ።

ተጠራጣሪው

ሁሉንም አነበብኩ። ነገር ግን የጠያቂዋን ሁለተኛ ጥያቄ ማንም አልመለሰም። አንድ ትልቅ የገንዘብ ኖት በዝርዝር ቢቀየር ሀብታም የሚሆን የለም። ታዲያ ይህን ለማድረግ የቦርድ ስብሰባ፣ የሕግ ባለሙያ ክፍያ፣ ማስታወቂያ፣ የመዝገብ ለውጥ ለምን ያስፈልጋል? እኔ እንደሚገባኝ የተራውን ሰው ቀልብ መሳቢያ ነው። አንድ ሺህ ዶላር የነበረው አንድ መቶ ሲሆን «ረከሰ» ብሎ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። ይህ ከማታለል በምን ይለያል?

የቀድሞ ደላላ

ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። «ረከሰ» ብሎ የሚገዛ ሰው መኖሩንም አልክድም፤ ለዓመታት በስልክ ሳናግረው የኖርኩት ሰው ነው። ነገር ግን የዝርዝር ምሳሌህን እስከ መጨረሻው ግፋበት። ትልቅ ኖት ብቻ ይዞ ትንሽ ዕቃ መግዛት የፈለገ ሰው መልስ የሚሰጠው አጥቶ እንደሚቸገር አንተም ታውቃለህ። ዝርዝር ሀብት አይጨምርም፣ መገበያየትን ግን ያቀላል።

አንድ ቦታ ላይ ጠጋ ብለን እንየው። የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን ለአሥር ከመክፈሉ በፊት በነበረው የመጨረሻ የገበያ ቀን የተዘጋው በ1,208.88 ዶላር ነው። በአሜሪካ ገበያ አንድ የኦፕሽን ውል (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) የሚሸፍነው 100 አክሲዮን ነው። ስለዚህ አክሲዮኑን ከዋጋ መውደቅ በአንድ ውል ለመጠበቅ የፈለገ ሰው ከ120,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ አክሲዮን ሊኖረው ይገባ ነበር። ከክፍፍሉ በኋላ 12,000 ገደማ በቂ ሆነ። ያ ውል ቀድሞ ለትልልቅ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ብቻ የተሠራ ያህል ነበር፤ አሁን ብዙ ሰው ይደርስበታል። (ቀድሞ የተገቡ ውሎች በዚያው ልክ ስለሚስተካከሉ ማንም አይጎዳም።)

ሁለተኛው ምክንያት ሠራተኛው ነው። ዋልማርት በፌብሩዋሪ 2024 አንዱን ለሦስት ሲከፍል ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል፦ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ሙሉ አክሲዮን መግዛት እንዲችሉ። ዛሬ ብዙ አገናኝ ድርጅቶች የአክሲዮን ቁራሽ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ይህ ምክንያት እንደ ድሮው ክብደት የለውም የሚል ክርክር አለ፣ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ሁሉም ድርጅት ግን ቁራሽ አይሸጥም፤ ቁራሹን ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወርም ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሙሉ አክሲዮን በስምህ መያዝ አሁንም የራሱ ጥቅም አለው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሠላሳ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያጠቃልለው የዶው ጆንስ አመልካች የኩባንያዎችን ክብደት የሚለካው በግዝፈታቸው አይደለም፤ በአንዱ አክሲዮን ዋጋ ነው። የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ከሌሎቹ በጣም የሚበልጥ ኩባንያ ቢገባበት አመልካቹን ከሌሎቹ በላይ ይጎትተዋል። አፕል በዓለም ትልቁ ኩባንያ ሆኖ እንኳ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ነበር። በ2014 አንዱን ለሰባት ከፈለ፤ በማርች 2015 ገባ። በኦገስት 2020 እንደገና ለአራት ሲከፍል ደግሞ በአመልካቹ ውስጥ የነበረው ክብደት በአንድ ቀን ወደ ሩብ ወረደ። አዘጋጆቹ ሚዛኑን ለመመለስ በዚያው ዕለት ኤክሰን ሞቢልን፣ ፋይዘርንና ሬይቲዮንን አስወጥተው ሴልስፎርስን፣ አምጀንንና ሀኒዌልን አስገቡ። ኤክሰን ከ1928 ጀምሮ እዚያ ነበር! «ባዶ ሂሳብ» የምንለው ነገር የሌሎችን ኩባንያዎች ቦታ እስከ ማናጋት ይደርሳል።

ተጠራጣሪው

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ በርክሻየር ሃታዌይን ለአሥርተ ዓመታት የመራው ዋረን ባፌት ለምን አላደረገውም? የኩባንያው አንድ አክሲዮን በ2022 ከ500,000 ዶላር አልፏል። ሰውየው ደግሞ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም የሚል የለም።

ነባር ባለአክሲዮን

ባፌት ያልከፈለው ባለቤትነትን እንደ ረጅም ጉዞ የሚያይ ባለአክሲዮን እንዲኖረው ስለሚፈልግ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ አክሲዮን በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው አይቀርበውም። ይህ አቋሙ ክብር ይገባዋል።

ግን ታሪኩን ጨርሰው፣ ልጄ። በ1996 ሌሎች ሰዎች የበርክሻየርን አክሲዮን ገዝተው፣ ቆራርሰው፣ በላዩ ላይ ክፍያ ጨምረው ለትንንሽ ገዢዎች ሊሸጡ ተዘጋጅተው ነበር። ባፌት ይህን ሲያይ ራሱ ቀደማቸው፤ «ቢ» የሚባለውን የአክሲዮን ዓይነት አወጣ፣ ዋጋውም «ኤ» የሚባለው የቀድሞው አክሲዮን አንድ ሠላሳኛ ነበር። በጃንዋሪ 2010 በርሊንግተን ኖርዘርን የተባለውን የባቡር ኩባንያ ጠቅልሎ ሲገዛ ደግሞ «ቢ»ውን አንዱን ለሃምሳ ከፈለው። የባቡር ኩባንያው ትንንሽ ባለአክሲዮኖች በገንዘብ ፋንታ የበርክሻየርን አክሲዮን መውሰድ ከፈለጉ እንዲችሉ ነበር። ዛሬ አንድ «ኤ» 1,500 «ቢ» ማለት ነው።

እንግዲህ ፍላጎቱን ባፌትም አላመለጠውም። ትንሹ ገዢ በበሩ ካልገባ በመስኮት የሚያስገባው ሌላ ሰው እንደሚመጣ፣ ያም ሰው በነፃ እንደማያስገባው ተረድቷል።

የገበያ ተመልካች

እኔ የምጠይቀው ስለ ዋጋው ነው። ክፍፍል በታወጀ ቁጥር አክሲዮኑ ሲጨምር አያለሁ። ጓደኞቼም «ከመከፈሉ በፊት ግዛ፣ ከተከፈለ በኋላ ሽጥ» ይሉኛል። ሀብት የማይጨምር ከሆነ ዋጋው ለምን ይጨምራል?

የሂሳብ ሠራተኛ

ይህ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተጠንቷል። በ1969 የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ዩጂን ፋማ፣ ሎውረንስ ፊሸር፣ ማይክል ጄንሰንና ሪቻርድ ሮል ከ1927 እስከ 1959 በኒው ዮርክ ገበያ የተደረጉ 940 ክፍፍሎችን መረመሩ። ያገኙት ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አክሲዮኖቹ ከሌላው ገበያ በላይ የጨመሩት ከክፍፍሉ በፊት ነው። ከክፍፍሉ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ ከገበያው የተለየ ትርፍ አልሰጡም።

ምክንያቱም ሲታሰብ ግልጽ ነው። አክሲዮኑን የሚከፍለው ዋጋው የወጣለት ኩባንያ ነው፤ ጭማሪው ክፍፍሉን አመጣ እንጂ ክፍፍሉ ጭማሪውን አላመጣም። በተጨማሪ ቦርዱ ሲከፍል «ዋጋችን ተመልሶ ይወርዳል ብለን አንሰጋም» ማለቱ ነው፣ ገበያውም ይህን እንደ መልእክት ያነበዋል። አጥኚዎቹ እንዳዩት አክሲዮናቸውን ከከፈሉት ኩባንያዎች አብዛኞቹ በማስከተል የትርፍ ድርሻቸውን ከሌላው ኩባንያ በተሻለ አሳድገዋል፤ እነዚያ ዋጋቸውን ይዘው ቆዩ። የትርፍ ድርሻ ተስፋው ሳይሳካ የቀረባቸው ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። ዋጋ የነበረው መልእክቱ ነው፤ መልእክቱ እውነት ሆኖ ካልተገኘ ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

ጓደኞችህ የሚሉትን ልታደርግ ከሆነ ቴስላን አስታውስ። በኦገስት 11 ቀን 2020 አንዱን ለአምስት እንደሚከፍል አስታወቀ። ክፍፍሉ ሥራ ላይ እስከዋለበት እስከ ወሩ መጨረሻ ዋጋው ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ። በሴፕቴምበር 8 ደግሞ በአንድ ቀን ብቻ 21 በመቶ ወደቀ። ከክፍፍሉ ማግስት በስሜት ገብቶ የነበረ ሰው ያን ዕለት ምን እንደተሰማው አስበው።

አንዴ የተጎዳሁ

ስለ ሽቅቡ ብዙ ተባለ። ስለ ቁልቁሉም ይነገር፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

የአንድ ትንሽ ኩባንያ 37 አክሲዮኖች ነበሩኝ። ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ወራት ቆየ። ከዚያ ኩባንያው 20 አክሲዮኖችን ወደ አንድ እንደሚጠቀልል አስታወቀ። አንድ ቀን ሂሳቤን ስከፍት አንድ አክሲዮን ብቻ ይዣለሁ፤ ለተረፉት 17ቱ ደግሞ ጥቂት ዶላር በጥሬ ገንዘብ ገብቶልኛል። ሽጥልኝ አላልኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሳልፈልግ ግማሽ ያህሉን ሸጬ ተገኘሁ። የቀረችው አንዷ አክሲዮን በወረቀት ላይ ዋጋዋ ሃያ እጥፍ ሆኖ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አታወጣም ነበር፤ ኩባንያውን የጎዳው ችግር አብሮ አልተጠቀለለምና።

እባካችሁ የተገላቢጦሽ ክፍፍል ስታዩ በመጀመሪያ «ዋጋው ለምን ወረደ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቀድሞ ደላላ

ጉዳትህ ያሳዝነኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ከጀርባው ያለውን አሠራር ላስረዳ። የአሜሪካውን ናስዳክን የመሰሉ የአክሲዮን ገበያዎች የአንድ አክሲዮን ዋጋ ቢያንስ አንድ ዶላር እንዲሆን ይጠይቃሉ። ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከዚያ በታች ከሆነ ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ለማስተካከልም 180 ቀናት ይሰጡታል። ትርፍ አምጥቶ ዋጋውን ማንሣት ያልቻለ ኩባንያ በእጁ የቀረው መንገድ አክሲዮኑን መጠቅለል ነው። አንተ ያየኸው ይህን ይመስለኛል። ለዚህ ነው ገበያው የተገላቢጦሹን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁረው።

ሆኖም የጠቀለለ ሁሉ አይሞትም። የአሜሪካው ባንክ ሲቲግሩፕ በሜይ 2011 አሥሩን ወደ አንድ ጠቀለለ፤ 29 ቢሊዮን ገደማ የነበረው አክሲዮን 2.9 ቢሊዮን ሆነ፣ ዋጋው ከ4.50 ዶላር ገደማ ወደ 45 አካባቢ ወጣ። አቋርጦት የነበረውንም የትርፍ ድርሻ በየሩብ ዓመቱ አንድ ሳንቲም አድርጎ መለሰ። ትንሽ ገንዘብ ናት፣ ግን ከፋይ ሆኖ መመለሱ ራሱ ዜና ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክም በ2021 ስምንቱን ወደ አንድ ጠቅልሏል፤ ዛሬም ጂኢ ኤሮስፔስ በሚል ስም አለ።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ገበያ ለአብዛኛው አክሲዮን ትንሿ የዋጋ ልዩነት አንድ ሳንቲም ሆና ቆይታለች። ባለ 5 ዶላር አክሲዮን ላይ አንድ ሳንቲም 0.2 በመቶ ናት፤ ባለ 500 ዶላር ላይ ግን 0.002 በመቶ። ዋጋው በጣም ሲወርድ ለመግዛትና ለመሸጥ የሚከፈለው የማይታይ ወጪ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች መክፈልም ገደብ አለው፤ ልከኛ የሚባል የዋጋ ቀጠና የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ጀማሪ ባለአክሲዮን

የሁላችሁም መልስ ትምህርት ቤት ሆኖኛል። ዜናውንም ልንገራችሁ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሂሳቤ ላይ 72 አክሲዮኖች ታዩ! ጋሼ ያሉት ቁጥር ነው። ያየሁትን ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልተስተካከለም። «የተገዛበት ዋጋ» የሚለው ቦታ ላይ አሁንም 300 ዶላር ነው የሚለው። በዚህ ስሌት በእያንዳንዱ አክሲዮን ላይ ወደ 200 ዶላር ከስሬያለሁ ማለት ነው። የሸጥኳቸው 8ቱም 1,592 ዶላር ኪሳራ ተብለው ተመዝግበዋል።

የሂሳብ ሠራተኛ

ይህን ሳታስተካክዪ እንዳታልፊ። አክሲዮን ሲከፈል የተገዛበት ዋጋም አብሮ ይከፈላል። 20 በ300 ስትገዢ ያወጣሽው 6,000 ዶላር ነው። ያ 6,000 አሁን ለ80 አክሲዮኖች ይካፈላል፤ ለአንዱ 75 ዶላር ይደርሰዋል። ስለዚህ 8ቱን ስትሸጪ በእያንዳንዱ 26 ዶላር፣ በጠቅላላ 208 ዶላር አትርፈሻል፤ ከዚያ የሽያጭ ክፍያው ይቀነሳል። ያልደረሰብሽን ኪሳራ ለግብር ሰብሳቢ ብታቀርቢ በኋላ ጥያቄ ያስነሣብሻል። ለአገናኝ ድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቺ፣ የክፍፍሉን ማስታወቂያም አያይዢ። የገዛሽበትንም ደረሰኝ አትጣዪ።

ይህ ነገር በዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት አፕልን ውሰዱ። በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብ አንዱ አክሲዮን በ22 ዶላር ተሸጠ። በ1987፣ በ2000 እና በ2005 ለሁለት፣ በ2014 ለሰባት፣ በ2020 ለአራት ተከፈለ። ያን ጊዜ የተገዛ አንድ አክሲዮን ዛሬ 224 ነው፤ የተገዛበትም ዋጋ ለአንዱ 10 ሳንቲም ገደማ ይደርሰዋል። የድሮ የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ «10 ሳንቲም» የሚል ስታዩ ያን ዕለት በ10 ሳንቲም የገዛ ሰው አልነበረም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የተስተካከለ ቁጥር ነው።

ነባር ባለአክሲዮን

አንድ የቀረ ነገር አለ። «ዋጋው ወደ 350 ከወረደ ሽጥልኝ» የሚል ቋሚ ትእዛዝ ሰጥተሽ ከነበር አሁኑኑ ተመልከቺው። አንዳንድ ድርጅቶች ክፍፍል ሲመጣ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በልኩ ያስተካክላሉ፤ አንዳንዶቹ ይሰርዙታል። በአንቺ ዘንድ የትኛው እንደተደረገ በግምት አትተዪው።

ጀማሪ ባለአክሲዮን

ጋሼ፣ ቋሚ ትእዛዝ ነበረኝ፤ ተሰርዟል። እኔ ግን አለ ብዬ አስቤ ነበር። በአዲሱ ዋጋ አስልቼ እንደገና አስገብቼዋለሁ።

ስለ ተገዛበት ዋጋም ትናንት ማታ ደብዳቤውን ከማስታወቂያው ጋር ልኬ ነበር። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ፣ ገጹም ተስተካክሏል፦ 72 አክሲዮን፣ የተገዛበት ዋጋ 75 ዶላር።